ሙቀት የጠየቁ እንቁላሎችና እንቢ ያለው ከርነል

ጠጋ በሉማ፤ ይህ ወሬ ሲጀምር አጭር ነው፣ እየሄደ ይረዝማል። ቢሾፍቱ ውስጥ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ዶሮ አርቢ ነበሩ። መቶ ሃያ እንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ ከተው ሃያ ቀን ጠበቁ። ጫጩቶቹ ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ በማለዳ መብራት ሄዶ መጣ፤ ማሽኑ ግን አብሮ አልመጣም። እንቁላሎቹ የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ ሙቀት። እሱንም አጡ።

ማሽኑን የሠራችው ኢንጂነር ሚልኪ ስልክ ሲደርሳት እየሮጠች መጣች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንቁላሎቹን በጋቢ ሸፍነው፣ ዙሪያቸውን ሙቅ ውሃ በሞሉ ጀሪካኖች ከበዋቸዋል። "ልጄ፣ እስከ ምሳ ሰዓት እይዛቸዋለሁ" አሏት። "ከዚያ በኋላ ግን እኔ ዶሮ አይደለሁም።"

ሚልኪ ጠየቀች። እንቁላሎቹ ካልሞቅን አንፈለፈልም አሉ። ማሞቂያው የማሽኑ ኮምፒዩተር ካላዘዘኝ አልሞቅም አለ። ኮምፒዩተሩ ከርነሉ ካልተነሳ አላዝም አለ። ከርነል ማለት ኮምፒዩተር ሲከፈት ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን ሁሉ የሚያዝ ፕሮግራም ነው፤ ያ አለቃ ታዲያ ብድግ ይልና ይወድቃል፣ ደግሞ ብድግ ይልና ይወድቃል። ትናንት የድሮውን አጥፍታ አዲስ ከርነል የጫነችው ራሷ ናት፤ አዲሱ የሚነሳው ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ነው።

የጻፈችውን መስመር በመስመር አነበበች። ከቀድሞው አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የተለወጠው ኮምፓይለሩ ነው፤ የሰውን ጽሑፍ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው መሣሪያ። የምትሠራበት ቢሮ አዲስ ኮምፒዩተር ሲገዛ አዲስ ኮምፓይለር አብሮ ገብቷል። ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ይሁን የእሷ የሚለየው በአሮጌው ሲሞከር ብቻ ነው። እንግዲህ እንቁላሎቹ ካልሞቅን አንፈለፈልም፣ ማሞቂያው ካልታዘዝኩ አልሞቅም፣ ኮምፒዩተሩ ያለ ከርነል አላዝም፣ ከርነሉ ያለ አሮጌው ኮምፓይለር አልነሳም። አሮጌው ኮምፓይለር ደግሞ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ጋር ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል።

ቢሮ በረረች። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ደምመላሽ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት፤ ማህተም የሌለው ደብዳቤ በሬን አይከፍትም አሉ። ማህተሙ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ያለው ጸሐፊዋ ወይዘሮ አልጋነሽ አንገት ላይ ነው። ወይዘሮ አልጋነሽ ያሉት ለቅሶ ቤት ነው። እንቁላሎቹ አንፈለፈልም፣ ማሞቂያው አልሞቅም፣ ኮምፒዩተሩ አላዝም፣ ከርነሉ አልነሳም፣ በሩ አልከፈትም፣ ማህተሙ ያለ ቁልፉ አልወጣም።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ዘው ብሎ ቁልፍ አይጠየቅም። ሚልኪ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለች፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ሰዓቱ ይሄዳል፤ እሷ ተቀምጣለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ወይዘሮ አልጋነሽ ለለቀስተኛው የሚቀርበውን የምስር ወጥ በትልቅ ድስት ያማስላሉ። ጉዳዩን ሰምተው አዘኑ።

"ቁልፌን ለሰው አልሰጥም" አሉ። "ወጡንም ጥዬ አልሄድም። ካረረ ይህ ሁሉ ሰው ጦሙን ሊውል ነው።"

እንቁላሎቹ አንፈለፈልም፣ ማሞቂያው አልሞቅም፣ ኮምፒዩተሩ አላዝም፣ ከርነሉ አልነሳም፣ በሩ አልከፈትም፣ ማህተሙ አልወጣም፣ ቁልፉ ካንገት አልወርድም፣ ወጡ ያለ አማሳይ አልቀመጥም። ሚልኪ ድስቱን አየች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ጭልፋውን ይስጡኝ፣ እትዬ" አለች።

ሚልኪ ጭልፋውን ያዘች፣ ወይዘሮ አልጋነሽ በባጃጅ ሄዱ። ቁልፉ መሳቢያውን ከፈተ፣ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ አረፈ፣ ጋሽ ደምመላሽ በሩን ከፈቱ፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ከነአቧራው በዚያው ባጃጅ መጣ። ወይዘሮ አልጋነሽ ወጡን ቀመሱ፣ ጨው አነሰው አሉ፣ ጭልፋውን ተረከቡ። ሚልኪ ኮምፒዩተሩን ይዛ ወደ እንቁላሎቹ ሮጠች። ያንኑ ጽሑፍ፣ ፊደል ሳትነካ፣ ለአሮጌው ኮምፓይለር ሰጠችው። አሮጌው ኮምፓይለር ከርነሉን ሠራ፣ ከርነሉ ማሽኑ ላይ ሲጫን ብድግ አለ፣ አልወደቀም። የማሽኑ ኮምፒዩተር አዘዘ፣ ማሞቂያው ቀላ፣ ሙቀቱ መጣ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ደስ አላት፣ ግን ገና እንቁላሎቹን ፈራች።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋቢውን ገልጠው እንቁላሎቹን ወደ ማሽኑ መለሱና ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ ሚልኪን በእጃቸው ጠሯት።

"ስሚ እስቲ፣ ይሰማሻል?"

ከአንዱ ቅርፊት ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይመጣል። ከጎኑ ያለውም መለሰለት። ሚልኪ ከለቅሶ ቤቱ በቀር ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም፤ አሁን መሬቱ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠችና የሚያወሩትን ታዳምጥ ጀመር።