ቅቤ የቀረባቸው ዘበኞች

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም ልጄ፤ «ሊጠብቁኝ የተቀመጡት ለምን የገዛ አንጀቴን ያቆስሉታል?» ብለሽኛል፤ እደርስበታለሁ።

ሰውየው ባለጸጋ ነበር፤ ግቢው በጭቃ አጥር የታጠረ፣ ዘበኛውም ብዙ። ከአጥሩ ሥር ላም አርቢዎች ሰፍረዋል። ልማዳቸው እንዲህ ነው፦ ከባለጸጋው ቤት የሚወጣው ገለባና አተላ ለላሞቹ ይሰጣል፤ አርቢዎቹም ወተት ንጠው ባወጡት ቅቤ ለዘበኞቹ ገንፎ ያቀርባሉ። ቅቤ የገባ ገንፎ የበላ ዘበኛ እስከ ማታ ልቡ የረጋ ነው፤ እንግዳን ከሌባ ይለያል፣ የፈረሰ አጥር ይጠግናል።

አንድ ቀን ሌባ ከአርቢዎቹ ጎጆ ተደብቆ ተገኘ። ባለጸጋው ተናደደና ሌባውንም አርቢውንም ጠራርጎ አባረረ። ዘበኞቹ ምን እንደሚበሉ አላሰበም።

እነሱም በአረቄና በስኳር መዋል ጀመሩ። ይህ ቶሎ ያነድዳል፣ ቶሎም ይከዳል። ያሳለውን ሁሉ ሌባ ነው ብለው ይፈነክታሉ፤ ሰው ሲያጡ አጥሩን ይደበድባሉ። አንድ ማለዳ ውሃ ቀድታ የምትገባውን የባለጸጋውን ልጅ እጇን ሰበሯት።

አባትየው አለቀሰ። «ዱላችሁን አስቀምጡና ውጡልኝ» አለ።

ሽማግሌው ዘበኛ ዱላውን መሬት ላይ አኖረ። «እሺ ጌታዬ። ግን ነገ ሌባ ሲመጣ ማን ይመልስልዎታል? ቅቤውን ከልክለው ከእኛ እርጋታ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

ባለጸጋው አፈረ። ዱላውን ሰበሰበ፣ ዘበኞቹን ግን አላባረረም። ገለባ በገዛ ጀርባው ተሸክሞ አርቢዎቹ ወደ ሸሹበት ቆላ ወረደ። «አናምንዎትም» አሉት። በማግስቱም ተሸክሞ ወረደ። ጀርባው ተላጠ፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጥቂቶቹ ላሞቻቸውን ነድተው መጡ፤ ሌሎቹ እንደወጡ ቀሩ። ቅቤው መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አንድ ቀን ልጅቷ እንስራዋን አዝላ ስትመጣ ያ እጇን የሰበራት ዘበኛ ተነሥቶ በሩን ከፈተላት።

እንግዲህ ልጄ፣ አጥሩ የአንጀትሽ ግድግዳ ነው። አርቢዎቹ በውስጡ የሚኖሩት ደግ ባክቴሪያዎች፣ ዘበኞቹ ደግሞ በሽታ ተከላካይ ሕዋሶችሽ ናቸው። ባክቴሪያዎቹ ከምግብሽ አሰር የሚሠሩትን አሲድ፣ ያን ቅቤ፣ ሲያጡ የሚነዱበት ነዳጅ ይለወጣል፤ ያኔ ቁጣ ይቀናቸዋል። የሕመምሽ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልሽም። መድኃኒትሽንም እንዳትተዪ፤ ዱላውን ያስቀመጠልሽ እሱ ነው። ግን ሐኪምሽ በፈቀደልሽ መጠን ጥራጥሬውንና ጎመኑን ብዪ፤ ገለባው እሱ ነው። ይታክትሻል፣ አውቃለሁ። ባለጸጋው ልጁን ብሎ ቆላ ወረደ፤ አንቺም ራስሽን ብለሽ ውረጂ።