የአባት ገና በልጅ እጅ

አንድ ሰው የገና ዱላውን ከግድግዳ አውርዶ ጓሮ ቆሟል። ታዩታላችሁ? ነገ በዓል ነው። ነገ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች ሜዳ ወርደው ጥንጓን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ ሊማቱ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ዱላውን ቅቤ እየቀባ ይፎክራል፤ ይህ ሰው ግን ቆሎ ውስጥ ጠጠር እንዳገኘ ሰው ፊቱን አጨማዶ ቆሟል።

ለምን? ዱላው የአባቱ ነዋ! አባቱ አቶ ቢተው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚያ አገር ስማቸው የተጠራ ገና መቺ ነበሩ። ዱላው ደንዳና ወይራ ነው። ቆልማማው ጫፍ ላይ ደግሞ ራሳቸው ያስገቡት ወፍራም የብረት ቀለበት አለ። እሳቸው ሲመቱበት ጥንጓ ከዓይን ትሰወር ነበር አሉ። ልጃቸው ሲመታበትስ? ልጃቸው ሲመታበት ዱላው ነበር ልጁን የሚመታው! ትከሻው ይነቀላል፣ ወገቡ ይንቋቋል፣ ጥንጓ ቆማ ታየዋለች።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱ ግን አይስቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ዱላው ከብዶት ከእጁ አመለጠና የገዛ ወገኑን፣ አብሮ አደጉን ይርጉን ቅልጥሙን ሰበረው። ይርጉ ጥርሱን ነክሶ፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብሎ ቀለደ። አጥንቱ ጠግኗል፤ እስከ ዛሬ ግን ያነክሳል። ታዲያ ይህ ሰው ነገ ምን ብሎ ሜዳ ይውረድ? ሌላ ሰው ሊሰብር?

"ከእንግዲህ ገና አልመታም" አለ። "እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።"

ልብ በሉልኝ። "ዱላው ከበደኝ" አላለም። "የአባቴ ልጅ አይደለሁም" ነው ያለው።

ዱላውን መልሶ ሊሰቅል ዘወር ሲል እናቱ እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል።

"ደምሰው፣ ምነው? ልትሰቅለው ነው?"

"ከበደኝ፣ እማ።" ለእናቱ ግን እውነቱን ተናገረ።

"ታዲያ አትፍቀውም?"

ደነገጠ። "የአባቴን ዱላ? ስለት ላሳርፍበት? አጥንቱ እሾህ ሆኖ ይወጋኛል!"

እናት ሳቁ። "የአባትህ ነው ያለህ ማነው? አያትህ ሲሰጡት እኮ ሞፈር ነበር የሚያክለው። አባትህ በጠርሙስ ስባሪ ሲፍቀው ከረመ፤ ፍቅፋቂውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ቀለበቱንም ያስገባው ለራሱ ክንድ ነው። ልጄ፣ አንተ የከበደህ ዱላው አይደለም። የተሸከምከው የአባትህን ክንድ ነው። ክንዱን ደግሞ ቀብረነዋል።"

ሰውየው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰ። ስንት ዓመት ሙሉ በራሱ ሲያፍር ኖሮ፣ ነገሩ የብረት ቀለበት ሆኖ ተገኘ!

ተነሣ። ቀለበቱን በመዶሻ እየመታ አወጣው። እጀታውን ፋቀ፣ ጫፉን ፋቀ፣ እጁ እሺ እስኪለው ፋቀ። ወዘወዘው፤ ተመስገን! ከዚያ ጥንጓን መታት። ምን ሆነች? ትንሽ ተንከባለለችና ቆመች።

አያችሁ፣ ከልክ በላይ ቀለለ። ዱላው እጁ ላይ መኖሩም አልታወቀው። "በቃ፣ አበላሸሁት!" ብሎ ራሱን ያዘ።

"አይ የኔ ልጅ ችኮላ!" አሉ እናት። "ባዶ እንጨት ጥንግ ይመታል እንዴ?" እርጥብ ጠፍር ከቤት አመጡለት። "እንካ፣ ጫፉ ላይ ጠምጥመው። ከከበደህ ፍታ፤ ከቀለለህ ጨምር። ደግሞ ጨብጠህ አትግደለው። ላላ አድርገህ ያዘው።"

ጠመጠመ፣ መታ። ፈታ፣ አሳጠረ፣ ደግሞ መታ። ዱላውን ጣቱ ላይ አጋድሞ አመዛዘነ። ጥቂት ጨመረ። እጁን አላላና አንዴ ሲያሳርፍባት፣ ጧ! ጥንጓ አጥሩን ዘልላ ጎረቤት ገባች።

ጎረቤቱ ማነው? ይርጉ ነዋ! ይርጉ እያነከሰ መጣና ጥንጓን ባጥሩ ላይ መለሰለት። "አንተ ደምሰው! አሁን ገና ገና መታህ!"

በማግስቱ ማን አሸነፈ ትሉኝ ይሆናል። የእሱ ሰፈር ተሸነፈ! እሱ ግን ከይርጉ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ፣ እየዘፈነ ነው ቤቱ የገባው። የማንም ቅልጥም አልተሰበረማ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የማንን ክንድ ተሸክማችኋል? አንቺ፣ "እናቴ ይህን ሁሉ ልጅ አሳድጋ ድምፅዋ እንኳን አይሰማም ነበር" እያልሽ በሁለት ልጅ ስለደከመሽ የምታፍሪው። አንተ፣ "አባቴ ለጸሎት ቆሞ ያድር ነበር" እያልክ፣ የአንተ አጭር ጸሎት ንቀት መስሎህ ጭራሽ የተውከው። "ከበደኝ" ማለት አቅቶን "እኔ የእግዚአብሔር ልጅ አይደለሁም" ያልን ስንቶች ነን? ዱላውን ሰቅለን፣ በዓሉን በር ዘግተን የዋልን ስንቶች ነን?

ክንዳችሁን የሠራው እግዚአብሔር አይደለም እንዴ? ልኩን ያጣዋል? የአባትህን ክንድ መቼ ከአንተ ጠየቀ?

ሸክሙን ሁሉ ጣሉ አላልኩም። ባዶ እንጨት ጥንግ አይመታም። ልጅሽን ታሳድጊያለሽ፤ ጸሎትህን ትጸልያለህ። ግን በልክህ ፋቀው፣ በልክሽ ጠምጥሚው። ሞክሩ፣ ፍቱ፣ ጨምሩ። ስትሞክሩ ብትስቱስ? ይርጉ ያለውን አትርሱ፤ አይቆጡም ጌታ።

አንድ ነገር ልበላችሁና ላብቃ። ቤት ስትገቡ "ገና" ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ጠበቅ አድርጋችሁ ብታነቡት ያ የከበዳችሁ ዱላ ነው። ላላ አድርጋችሁ ብታነቡትስ? አላለቀም፣ ጊዜ አለ ማለት ነው።

በሉ፣ እጃችሁን አላሉ። ገና ነው።