ትንሿ ፑሊና የሙሽራዋ መኪና

ሐዋሳ ውስጥ መኪናውን እንደ በኩር ልጁ የሚንከባከብ አንድ ወጣት ነበረ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈራችን አለ። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ከሰው በፊት ሰላም የሚላት መኪናውን ነው። አሮጌ ናት፤ ነገር ግን ታጥባና ተወልውላ ስትቆም ዕድሜዋን አትናገርም።

ይህን ወጣት አንድ ነገር ይከነክነው ነበር። የሻሸመኔን መንገድ ሲይዝ አዳዲሶቹ መኪኖች ያልፉታል። ነዳጅ ይረግጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን እንደ ልቡ አትፈተለክም። መታለፍ ውርደት አይደለም። ግን የታለፈ ሰው ይህን ቢነግሩት ይሰማል?

አንድ ቀን ሚልክያስ የሚባል ጓደኛው በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ይዞለት መጣ። ሲፈታው የምታብረቀርቅ ትንሽ ፑሊ ናት። ፑሊ ማለት ሞተሩ ፊት ላይ የሚዞር፣ ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ የሚጠመጠምበት ክብ ብረት ነው። ሞተሩ በዚያች ቺንጋ ብዙ ነገር ያዞራል፤ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕ፣ መሪውን የሚያቀለውን ፓምፕ፣ ኤሲውን ጭምር።

«ያንተው ትልቅና ከባድ ነው» አለው ሚልክያስ። «ይቺ ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት። ቺንጋው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሞተርህ ያን ሁሉ ዕቃ ሲያዞር የሚበላው ጉልበት ወደ ጎማው ይሄድልሃል።»

«እውነት ነው ወይስ የሻጭ ወሬ?»

«አስገጥመህ ሞክራት። ካልበረረች እኔ ወርጄ እገፋልሃለሁ።»

ወጣቱ ፑሊዋን ይዞ ወደ መካኒኩ ወደ ጋሽ አስናቀ ሄደ። እሳቸውም በእጃቸው እያገላበጡ አዩዋት።

«ውሸት የለበትም» አሉ። «ጉልበት ትጨምራለች። ትንሽ ነው፤ ግን ትጨምራለች።»

«ታዲያ ይግጠሙልኛ።»

«ቆይ እንጂ። ይቺ የእሽቅድምድም ዕቃ ናት። እሽቅድምድም ላይ ሞተሩ ሁልጊዜ በኃይል ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ዲናሞውም ፓምፑም አይቸገሩም። አንተ ግን ከተማ ውስጥ ትቆማለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ትንፏቀቃለህ። ሞተሩ ዝግ ሲል እነሱ ከሚበቃቸው በታች ይዞራሉ።»

«ጋሽ አስናቀ፣ እኔ እኮ ዝግ ብዬ አልነዳም።»

«እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አሉት። «ሌላም አለ። ያንተ መኪና የፋብሪካ ፑሊ ውስጥ የጎማ ቀለበት አለ፤ የሞተሩን ንዝረት የሚውጠው እሱ ነው። ይቺ ያ የላትም። ዛሬ አንተ አይሰማህም። ሞተሩ ግን ይሰማዋል።»

ሰማቸው? ሰማቸው። ጆሮው እዚያ ነበር፤ እግሩ ግን ነዳጁ ላይ ነበር። «ይግጠሙልኝ» አለ። መኪናዋ የእሱ ናት፤ ገጠሙለት።

እውነቱን እንናገር። መኪናዋ ቀለለች። የሻሸመኔን መንገድ ሲይዝ አንዱን አለፈ፣ ሌላውንም አለፈ። ያፏጭ ጀመር። አንዳንዴ መብራት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ኤሲው ለብ ይላል፤ ግን ወዲያው አረንጓዴ ይበራና ይነሣል፣ ይረሳዋልም። ምንም አልተሰበረም። ምንም አልጨሰም። «ጋሽ አስናቀ ድሮም ፈሪ ናቸው» አለ በልቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። ስሕተት ሁሉ በማግስቱ ቢያቃጥለን ኖሮ ማን ይሳሳት ነበር? ስሕተት የሚጣፍጠው መጀመሪያ ላይ ስለሚሠራ አይደለም?

ግንቦት ገባ። የእኅቱ የዳግማዊት ሰርግ ደረሰ። አባታቸው ልጃቸውን ጠርተው፣ «እኅትህን ከዚህ ቤት ቤተ ክርስቲያን ድረስ የምታደርሳት አንተ ነህ። አደራ» አሉት። ወጣቱ ደስ አለው። መኪናዋን አጠባት፣ አስጌጣት፤ ከፊቷ ነጭ ሪባን፣ ከላይዋ አበባ። በዚያ ቀን ከሐዋሳ መኪኖች ሁሉ የምታምር እሷ ነበረች።

ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ። ከፊት ካሜራ ያነሣ አንድ ልጅ ፒካፕ ላይ ቆሞ እየቀረጸ ይመራል። ከኋላ አጀቡ በክላክስ ከተማውን ያናውጣል። ካሜራ ያነሣው ልጅ ወደ ወጣቱ እጁን ዝቅ ዝቅ ያደርጋል። ቀስ። ቀስ። አሁንም ቀስ።

የሰርግ አጀብ ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም አይቶ አያውቅም፤ ግን አላሰበበትም። ለፍጥነት የተዘጋጀች መኪና፣ በክብሯ ቀን፣ ከእግረኛ እኩል እንድትሄድ ታዘዘች። መብራቷ በርቷል፣ ፍሬቻዋ በአራቱም በኩል ብልጭ ይላል፣ ኤሲዋ ተከፍቷል፣ መዝሙር ተለቋል። ይህ ሁሉ ከዲናሞው ይጠይቃል፤ ዲናሞው ግን እያዘገመ ነው።

«ወንድምዬ፣ ኤሲው ሞቀ» አለች ዳግማዊት።

«ሰው በዝቶ ነው» አላት። መኪናዋ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር።

አደባባዩን ሲዞሩ መሪው ከበደው። መዝሙሩ ተቆራርጦ ጠፋ። ቀይዋ የባትሪ መብራት በራች። የሙቀቱ ጠቋሚ ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ወጣቱ መኪና ያውቃል፤ ሞተሩ በኃይል ቢዞር ፓምፑም ዲናሞውም እንደሚነቁ ገባው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ። ከኋላ ያሉት የደስታ መሰላቸውና ክላክሳቸውን በእጥፍ አደረጉት። ካሜራ ያነሣው ልጅ ደግሞ በእጁ ምን ሆነሃል አለው።

የመጨረሻውን ዘዴ ሞከረ። የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ እንዲስብለት ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተ። በግንቦት። በሐዋሳ። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ላይ።

«ወንድምዬ» አለች ዳግማዊት፣ «ልትድረኝ ነው ወይስ ልትጠብሰኝ?»

እንዳለ የሚባለው ሙሽራ በመሐረቡ እያራገበላት፣ «በደስታም በመከራም የሚለው ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነው ብዬ ነበር» አለ።

ወጣቱ አልሳቀም። ዓይኑ ጠቋሚው ላይ ነው። ቀዩን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ገና ነው። ማቆም ነበረበት፤ ግን ከኋላ አማቶች አሉ፣ ዘመድ አለ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር የከተማው ሰው ቆሞ ያያል። «ትንሽ ብቻ ትቻልልኝ» አለ በልቡ። «እስከ መታጠፊያው ብቻ።»

ወገኖቼ፣ ስንቱ ሰው ነው «ትንሽ ብቻ» እያለ የተቃጠለው?

ዳግማዊት ከኋላ ጠጋ ብላ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። እኅት ናት፤ የወንድሟን ማጅራት አይታ ሐሳቡን ታውቃለች።

«ምን አድርገሃት ነው?» አለችው።

እውነቱን ተናገረ። «እንድትሮጥ ብዬ ፑሊዋን ቀየርኳት። ጋሽ አስናቀ ነግረውኝ ነበር። ዝግ ስትል አትችልም።»

«ከቀጠልንስ?»

«ሞተሩ ይነክሳል፤ ግሎ ተጣብቆ ይቀራል።»

«ካቆምን?»

«ሰው ሁሉ ያየናል።»

«ይየና» አለችው። «ዛሬ ለመታየት አይደል የወጣነው?»

ወጣቱ ፍሬን ያዘ። ዳር ይዞ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ።

አጀቡ ሁሉ ቆመ። ክላክሱ አንድ በአንድ ዝም አለ። ወጣቱ ወርዶ ኮፈኑን ሲያነሣ እንፋሎቱ በሪባኑ መካከል ወጣ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ «ሰርግ ቤት ወጥ ሞልቷል፤ ምን ያስቀቅልሃል?» አለው፤ ሰው ሳቀ። ወጣቱ አንገቱን ደፋ። የሙሽራው አባት አቶ ደሌቦ ከኋላ መኪና ወርደው ሲመጡ አየ። ብዙ የማይናገሩ፣ የሚፈሩ ሰው ናቸው። ከሁሉም የፈራው እሳቸውን ነበር።

«ምን ሆነች?» አሉት።

ዕቃው ተበላሽቶ ነው ማለት ይችል ነበር። ማን ያጣራል? ግን አንዴ ለእኅቱ ተናግሯል፤ ሁለተኛው ቀለለው። «በእኔ ጥፋት ነው፣ አባባ። ለፍጥነት ብዬ የማይሆናት ዕቃ አስገጠምኩባት።»

አቶ ደሌቦ እንፋሎቱን አዩ። ሙሽሪትን አዩ፤ ላቧን እየጠረገች ትስቃለች። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የራሳቸውን መኪና ቁልፍ አወጡና ዘረጉለት።

«ሙሽሮቹን እዚያ አስገባቸውና አንተው ንዳ» አሉት።

«እኔ? ይህን አድርጌ?»

«አባትህ አደራ ያሉት መኪናዋን ነው እንዴ? አንተን ነው። ቆመህ እውነቱን ተናገርክ፤ እንግዲህ አድርሳት።»

ወጣቱ ቁልፉን ተቀበለ። የአቶ ደሌቦ መኪና አበባ አልነበረባትም፤ ጎኗም ትንሽ ተጨርምቷል። ግን እየተንፏቀቀች፣ መዝሙሯን እያሰማች፣ ኤሲዋም እየነፈሰ፣ ካሜራ ያነሣው ልጅ «ቀስ» ባለ ቁጥር ቀስ እያለች ሄደች። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወርዶ ለእኅቱ በሩን ከፈተላት። ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አባታቸው ደረጃው ላይ ነበሩ፤ የመጣችበትን መኪና አልጠየቁም። ልጃቸውን እጇን ይዘው ገቡ።

የወጣቱስ መኪና? ሞተሯ ተረፈ። በጊዜው ስለቆመ ተረፈ። ጋሽ አስናቀ የፋብሪካውን ፑሊ መለሱላት። ትንሿን ፑሊ ግን አልጣሏትም፤ «የሚሽቀዳደም ሰው ሲመጣ ትጠቅማለች» ብለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጧት። ወጣቱ ዛሬም የሻሸመኔን መንገድ ሲይዝ አዳዲሶቹ መኪኖች ያልፉታል። ይለፉት።

እናንተስ ወገኖቼ? የትኛውን ፑሊ ቀየራችሁ?

ጸሎት ጊዜ ይበላል። እንቅልፍ ጊዜ ይበላል። ከልጅ ጋር ወለል ላይ ቁጭ ማለት፣ እናትን ደውሎ «እንዴት ዋልሽ» ማለት፣ ከባል ከሚስት ጋር ሳይቸኩሉ መብላት፣ ይህ ሁሉ ጊዜና ጉልበት ይበላል። አንድ ቀን አንድ ወዳጅ ይመጣና፣ «ከዚህ ቀንስ፣ ትሮጣለህ» ይለናል። ውሸቱን ነው? አይደለም። ከጸሎቱ የቀነሰ ተማሪ ብዙ ያነባል። ከእንቅልፏ የቀነሰች ነጋዴ ሱቋን ቶሎ ትከፍታለች። ከቤቱ የቀነሰ አገልጋይ ብዙ ስብሰባ ይመራል። ሩጫው እውነት ነው። ማለፉም እውነት ነው።

የሚሮጡበት ወቅት የለም ማለቴም አይደለም። የፈተና ሳምንት አለ፤ የአዝመራ ጊዜ አለ። ወቅቱ ሲያልፍ ግን ፑሊውን መልሳችኋል? ወይስ ረስታችሁት ያው እየሄዳችሁ ነው?

ምክንያቱም ሕይወት ሁሉ የሻሸመኔ መንገድ አይደለም። አብዛኛው አደባባይ ነው። ሥራ ጠፍቶ ቤት የሚቀመጡበት ወር አለ። የታመመ አባት አልጋ አጠገብ የሚጠብቁበት ቀን አለ። መልስ ሳይመጣ ደጋግሞ የሚጸለይበት ዘመን አለ። እዚያ ማንም ፍጥነታችሁን አይጠይቃችሁም። እዚያ የሚጠየቀው የቀነሳችሁት ነገር ነው። ውስጣችሁን የሚያቀዘቅዘው እየዞረ ነው? ብርሃናችሁን የሚሞላው እየዞረ ነው?

እዚህ መካከል ጠቋሚው ቀዩን ሊነካ የቀረበበት ሰው አለ። ከውጭ ሪባን አለበት፣ አበባ አለበት፣ ሰው እያጨበጨበለት ነው። በውስጡ ግን «ትንሽ ብቻ፣ እስከ መታጠፊያው ብቻ» እያለ ነው። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ዳር ይዘህ ቁም፤ ዳር ይዘሽ ቁሚ። ሰው ያያል፤ ይይ። አንዳንዱም ይስቃል፤ ይሳቅ። ለአንድ ለሚወዳችሁ ሰው እውነቱን ተናገሩ፤ ሁለተኛው ይቀላችኋል። እኛ የምናመልከው ጌታም ቆሞ እውነቱን ከተናገረ ሰው እጅ አደራውን አይነጥቅም። ቁልፍ ይሰጠዋል።

ሞተራችሁ ገና አልነከሰም። ነክሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ መጥታችሁ አትሰሙም ነበር።

ነገ ሰኞ ነው። ሰልፍ ይኖራል፤ ጥበቃ ይኖራል፤ የሚንፏቀቅ ቀን ነው። ዛሬ ማታ ከቀነሳችሁት አንዱን ወደ ቦታው መልሱ፤ ነገም ቀስ ብላችሁ፣ ሳትቃጠሉ፣ የያዛችሁትን ሰው በሰላም አድርሱ።