አንድም ጥይት ያልተተኮሰባት ከተማ

አንድ ከተማ ነበረች፤ ነገሯ ሁሉ የተበላሸው ከፋሲካ በኋላ በዋለው ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን ከበላይ ፍርድ ቤት የመጣ መልእክተኛ አደባባይ ቆሞ ውሳኔ አነበበ፦ «መሣሪያ የያዘ ሰው መሣሪያውን እንዲያወርድ የሚያስገድደው የከተማዋ ሕግ ተሽሯል። አገረ ገዢው ከዚህ ፍርድ ጋር የሚስማማ አዲስ ሕግ ያውጣ።»

የተሻረው ሕግ አጭር ነበር፦ ሰው ከሰው በሚገናኝበት ሁሉ፣ በመንገድም በገበያም፣ መሣሪያ ይውረድ። ሽማግሌዎች ለዳኝነት ከሚቀመጡበት ዋርካ ሃያ እርምጃ ርቆ አንድ ባላ ተተክሏል። ባለጉዳይ ሁሉ ጠመንጃውን እዚያ ሰቅሎ ባዶ እጁን ይቀርባል። ውሳኔው በተነበበ ማግስት ባላው ተነቀለ።

በሳምንቱ የከተማዋ ጸሐፊ ረቂቅ ይዞ አገረ ገዢው ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ ፍርዱ ሁሉንም ቦታ አልነካም። ሰው በቤቱና በመንገዱ መሣሪያውን ይያዝ። ዋርካውን፣ ገበያውንና ለቅሶ ቤቱን ግን ለይተን መከልከል እንችላለን።»

«የተኮሰ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አንቀለቀለህ? ሲተኮስ እናወጣዋለን።»

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ጨዋ ሆነች። ገበያ ውስጥ ክርክር ጠፋ፤ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ሲመጣ ሻጩ ሳይጠየቅ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ገዢውም ያመሰግናል። አልቃሾች የገዳይን ስም አንስተው መውቀስ ተዉ። ሁሉም በሁሉም ነገር ይስማማል። እንግዳ ሰው ቢያልፍባት ሕዝቡ ሁሉ የሆነ ድምፅ የሚያዳምጥ ይመስለው ነበር።

ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጎረቤቷን ጓንጉልን ዋርካው ሥር ከሰሰችው። የድንበር ድንጋይ ነቅሎ እርሻዋን እስከ ምንጩ ድረስ ወስዶባታል። ከዚያ እርሻ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ጓንጉል መጣ። ሽማግሌዎቹን እጅ ነሣ፣ ለእሷም መቀመጫ አቀረበላት፤ ከዚያ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«ድንበሩ የት ነበር?» ሲባል፣ የመጀመሪያው ሽማግሌ «አላስታውስም» አለ። ሁለተኛውም «አላስታውስም» አለ። ሰባቱም በተራ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ «አላስታውስም» አሉ።

ትርንጎ ወደ ታላቁ ሽማግሌ ዞረች። «አባቴ፣ ድንጋዩን እኮ በእጅዎ የተከሉት እርስዎ ነዎት! ባለቤቴ ውኃ ሲያቀብልዎት!»

«አርጅቻለሁ ልጄ።»

ጓንጉል ሳቀ። «እትዬ ትርንጎ፣ ምን አደረግኩዎት? ነካሁዎት? ቃታ ሳብኩ?»

«አልሳብክም።»

«እንግዲህ!»

«ያንን ነገር ወዲያ አስቀምጥና አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቃቸው።»

«አልገደድም። ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ።»

ሽማግሌዎቹ እርሻውን ለጓንጉል ፈረዱ፤ መረቁትም።

ትርንጎ በማግስቱ አገረ ገዢው ቢሮ ስትገባ እሱ ለበላይ ፍርድ ቤት የሚላከውን ሪፖርት እያጻፈ ነበር፦ «ከውሳኔው ወዲህ በከተማችን አንድም ጥይት አልተተኮሰም።»

«እውነት ነው ጌታዬ» አለችው። «አንድም ሰው ደግሞ አልተናገረም።»

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። አገረ ገዢው «ጻፍ እንጂ!» አለው። ጻፈ። ትርንጎ በዚያው ክረምት ዕቃዋን ተሸክማ ከከተማዋ ወጣች፤ የት እንደደረሰች የጠየቀ የለም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው፦ ፍርድ ቤት አንዱን ሕግ ሲሽር ሥራው አያልቅም፤ ሌላውን በጊዜው የመጻፍ ግዴታ ያለበት ሹም ይኖራል። ያ ሹም ተኩስ እስኪሰማ ከጠበቀ፣ ሰው መብቱን ያለ ተኩስ ይነጠቃል፤ የጠፋውም የትኛውም ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

እናንተ ግን ይህን አንብባችሁ «ድንቅ ምሳሌ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ብዙ ዘመን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ትርንጎን እርሻዋን የቀማት ማን ነው? ጓንጉል ነው? ሽማግሌዎቹ ናቸው? ወይስ ረቂቁ ቀርቦለት ሳያወጣው የተቀመጠው ሹም? አንዳችሁ እንኳ ስሙን ጥሩና መልሱልኝ!