ቂም የማይዝ ሆድ

ከሚሸምነው ክር የቀጠነ አንድ ሸማኔ ነበር። እሱን ያስገረፈ ሰው ቢታመም እንኳ ሄዶ ይጠይቃል። ቦርጫቸው ቀድሟቸው የሚገባው ቂመኛው ቀኛዝማች እንግዳሸት ይህን ሰምተው በሸንጎ ፊት አስጠሩት።

«አንተ ለጠላትህ ታዝናለህ፤ እኔ ከተቀየምኩ የእናቴን ልጅ እንኳ ማየት አልወድም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ብትሰድበኝ ሃምሳ ጅራፍ፣ ብትዋሸኝም ሃምሳ!»

ሸማኔው ከጀርባው የተጣበቀ ሆዱን ዳሰሰ።

«ጌታዬ፣ ደግ ሆኜ አይደለም። ቂም የሚያዘው በሆድ ነው። የኔ ሆድ የጠዋት ቆሎ እስከ ቀትር መያዝ ያቃተው ጉደኛ ነው፤ ቂሙን በምኑ ይያዘው? ስንቴ ልቀየም ጀምሬ ረሃብ አቋረጠኝ! እርስዎ ግን፣ እግዜር ያቆይልን፣ ሆደ ሰፊ ነዎት።»

ቀኛዝማች ቀበቷቸውን ነካ ነካ አደረጉ። በሸንጎ ፊት ሆደ ሰፊ የተባለ ሰው በምን አፉ «ግረፉት» ይላል?