ለገበያ የተሠራው ሻርፕ

በመንዝ ደጋ፣ እኔ ባደግሁባት መንደር፣ ሰው መልኩን ብቻ አይቶ አንድ ነገር ሲያደንቅ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የማይቀር አባባል ጣል ያደርግበታል። ወጣቶቹ ከጥንት የመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። መጀመሪያ በተነገረበት ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነበር።

አቶ ወንድይፍራው የባና ሸማኔ ነበሩ። ከበግ ጠጉር ወፍራም ብርድ ልብስ እየሠሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ገበያ ላይ ይሸጣሉ። አንድ ዓመት ደረታቸውን ብርድ መታቸውና ከዚያ ወዲህ ሳል አልለቅ አላቸው። ሐኪሙም፣ "አንገትዎንና ደረትዎን ካልሸፈኑ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንዎትም" አላቸው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ይህን ሲሰሙ ከጥቁሩ በግ ጠጉር ለስላሳ ለስላሳውን መርጠው ክረምቱን ሙሉ ሲፈትሉ ከረሙ። መስከረም ሲጠባ ልቃቂቱን ለልጃቸው ለብርቅነሽ ሰጧት። ብርቅነሽ ከተማ ሄዳ የሹራብ ሥራ ተምራ የተመለሰች፣ እጀ ፈጣን ልጅ ናት።

"ሻርፑን ጠበቅ አድርገሽ ሥሪለት፤ ነፋስ እንዳያሳልፍ" አሏት።

ብርቅነሽ ግን ጥቁር ክር ሰልችቷት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቁርና ግራጫ ሻርፕ ስትሠራ ዞር ብሎ ያየላት የለም፤ የአገሩ ሴት ሁሉ ከአዲስ አበባ የመጣውን ነው የሚገዛው። በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ አይታ የማታውቀው ዓይነት ክር ይዞ መጣ። እንደ ጫጩት ላባ ብን ብን ይላል፣ እዚህ ጋ ቀጥኖ እዚያ ጋ ያብጣል፣ መሐል መሐሉን ደግሞ ብርማ ነገር ያብለጨልጭበታል። ነጋዴው የእናቷን ልቃቂት በእጁ መዘን መዘን አደረገና፣ "በዚህ ልለውጥሽ?" አላት። ለወጠችው።

ያ ክር በወፍራም መርፌ ላላ ተደርጎ ካልተሠራ ውበቱ አይወጣም። በሁለት ቀን ጨረሰችው። እናቷ ሲያዩት ደነገጡ።

"የኔ ፈትል የት ሄደ?"

"ለወጥሁት እማዬ። አባባ ይህን አድርጎ ገበያ ሲቀመጥ ያየው ሁሉ 'ማን ሠራልህ?' ይለዋል። አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል።"

"አባትሽን ልታለብሺ ነው ወይስ ገበያውን?"

ጠቡ ሳይከር አቶ ወንድይፍራው ሻርፑን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት። "ተያት፣ አስካለ። ዕድሜ ልኬን ጠቁሬ ኖሬ አሁን ብደምቅ ምን አለበት?" ብለው ሳቁ። ወይዘሮ አስካለ ጠጋ ብለው ጣታቸውን በሻርፑ ቀዳዳ አሾለኩና የባላቸውን አንገት ነኩት።

ያ ቅዳሜ የኅዳር ውርጭ ሣሩን ያነጣበት ቀን ነበር። ጎረቤታቸው አቶ ልሳኑ አህያቸውን እየነዱ አብረዋቸው ወጡ። አምባው ላይ ሲደርሱ ጉም ወረደ። ያ ላባ መሳይ ክር ጉሙን ጠጥቶ ጠጥቶ በቁማቸው አንገታቸው ላይ ራሰ። ብናኙም ጉሮሯቸው እየገባ ሳሉን ቀሰቀሰባቸው። አቶ ልሳኑ ጋቢያቸውን አውልቀው ዘረጉላቸው።

"በል ያንን ጣልና ይህን ልበስ።"

"ልጄ ገበያ ይታይልኝ ብላኛለች። ሳይታይላት አላወልቀውም" አሉ።

ታየላት። አራት ሴቶች እየመጡ "ማን ሠራው?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው እየሳሉ፣ በሳሉ መሐል የልጃቸውን ስም ደጋግመው ተናገሩ፤ ሴቶቹም ለየራሳቸው አዘዙ። ሲመለሱ መራመድ ስላቃታቸው አቶ ልሳኑ አህያው ላይ ጭነዋቸው ገቡ።

ብርቅነሽ ሮጣ ወጣች። አባቷ በአህያ ለምን እንደመጡ እንኳ ሳትጠይቅ፣ "አባባ፣ ሰዎቹ አዩት?" አለች።

"አራት ሴቶች አዝዘውሻል፣ ልጄ" አሏት። ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ሳሉ አላስጨረሳቸውም።

በስምንተኛው ቀን አረፉ።

በአገራችን የሟች ልብስ ለቅሶ ላይ ይወጣል። ብርቅነሽ ያንን ሻርፕ በሁለት እጇ ይዛ፣ ደረቷን እየመታች፣ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!" እያለች አለቀሰች። ብዙው ሰው የኀዘን ወግ መሰለውና "ተይ ይብቃሽ፣ ፈጣሪ የወሰደው ነው" አላት። እናቷ ግን ተይ አላሏትም።

ለቅሶው ረገብ ሲል፣ ገበያ ላይ ሻርፕ ካዘዙት ከአራቱ ሴቶች አንዷ፣ ሽማግሌው በምን እንደሞቱ የማታውቅ፣ ከብርቅነሽ አጠገብ ተቀመጠች። እንባዋን ጠረገችና የሻርፑን ጫፍ ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

"እጅሽ ይባረክ፤ እንዴት ያምራል! ሰዓቱ አይደለም እንጂ የኔንም እንዳትረሺ" አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ብርቅነሽ ቀና ብላ እናቷን አየች። ወይዘሮ አስካለ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ።

ይህን ጊዜ ከበስተኋላ የተቀመጡት አቶ ልሳኑ ለሴቲቱ መለሱላት፤ "ማማሩንማ እኔም መንገዱን ሙሉ አይቼዋለሁ፣ እመቤቴ፤ ለዓይን የሠሩት አንገት አያሞቅ።"