ወይዘሮ ስንቅነሽና የደነዘው ቢላዋ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ በሩን ክፈቱላት። ከፈታችሁ? እንግዲያው ትግባና ትቀመጥ።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ወይዘሮ ስንቅነሽ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። በመንደሩ ዶሮ በመበለት የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሰርግ ሲሆን እሳቸው ይጠራሉ፤ ክርስትና ሲሆን እሳቸው ይጠራሉ። ቢላዋቸው ግን እያደር ደነዘ። ሽንኩርቱን ይጨፈልቃል እንጂ አይከትፍም፤ ሥጋውን ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም። ባለፈው ድግስ ከአንድ የዶሮ እግር ጋር ሲታገሉ ሴቶቹ አዩና፣ “እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ አረፍ ይበሉ፤ ሽንኩርት ይላጡልን” አሏቸው። ክፉ ቃል አልነበረም። ወይዘሮ ስንቅነሽ ግን ቤታቸው እስኪገቡ ቀና አላሉም።

አሁን ደግሞ የጎረቤታቸው የወይዘሮ አመለወርቅ ልጅ ልትዳር ሦስት ቀን ቀራት። አዲስ ቢላዋ እንዳይገዙ አቅም የለም። ለሚስል ሰው እንዳይሰጡ ገበያው ሩቅ ነው። “በቃ፣ ራሴ እስለዋለሁ” አሉና ከወንዝ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘው መጡ።

ይህን ጊዜ በጓዳ የምትኖር አንዲት አይጥ ደነገጠች። ቢላዋው ከደነዘ ወዲህ ቋንጣው እየተቦጫጨቀ ፍርፋሪው ይወድቅላት ነበርና ወፍራለች። ወደ ቢላዋው ጠጋ ብላ፣

“አያ ቢላዋ፣ ድንጋይ ብረት እንደሚበላ አልሰማህም?” አለችው። “ዛሬ ጫፍህን፣ ነገ ወገብህን ይበላል። ከነገ ወዲያ እጀታህ ብቻ ይቀራል!”

“ታዲያ ምን ይሻለኛል?”

“እንቢ በላ!”

በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ስንቅነሽ ቢላዋውን ቀጥ አድርገው አቆሙና ድንጋዩ ላይ በጉልበት ጫኑት። ኪርርር! “ገደሉኝ!” አለ ቢላዋው። ሽንኩርት ላይ ቢሞክሩት ጨፈለቀው። አይጢት ከጓዳ ሳቀች።

በሁለተኛው ቀን በአንድ ጎኑ ብቻ ቶሎ ቶሎ ፈተጉት። ኪርርር! “ገደሉኝ!” አለ ቢላዋው። ሽንኩርት ላይ ቢሞክሩት አንሸራተተው። አይጢት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ስንቅነሽ ተስፋ ቆርጠው ድንጋዩን ሊጥሉት አነሱት። ድንጋዩም፣

“እሜቴ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈትጉብኝ አንድ ጊዜ እንኳ ምን ላድርግ ብለው ጠየቁኝ?” አላቸው።

ወይዘሮ ስንቅነሽ አፈሩ። ድንጋዩን አስቀምጠው አጠገቡ ቁጭ አሉ። “አጥፍቻለሁ። በል አስተምረኝ።”

“መጀመሪያ ውኃ ያጠጡኝ። ቢላዋውን አያቁሙት፤ ጨርሶም አያስተኙት። ትንሿ ጣትዎ ከሥሩ እስክትገባ ድረስ ጀርባውን ቀና ያድርጉት። ከዚያ ሳይጫኑ ይግፉት። ይህን ጎን አሥር ጊዜ ከገፉ ያንንም አሥር ጊዜ።”

ቢላዋው ወደ ድንጋዩ ዞረ። “እንደምትበላኝ ተነግሮኛል!”

“እውነት ነው፤ ትንሽ እበላሃለሁ” አለ ድንጋዩ። “የምበላው ግን የደነዘውን ነው። ዝም ብለህ ብትቀመጥ ደግሞ ዝገት ሁሉንም ይበላሃል። ምረጥ።”

ቢላዋው አሰበ፣ አሰበና፣ “እሺ፣ ቀስ ብለው ይጀምሩ” አላቸው።

ሽ፣ ሽ፣ ሽ አለ ድንጋዩ። በአንድ ጎን አሥር፣ በሌላው አሥር። ይህን ያየች ጠርዟ የተሸረፈ ሳህን ከመደርደሪያ ተጣራች፤ “እኔንም ይገልብጡኝ! ከሥሬ ያለው ክብ መቀመጫዬ ሻካራ ነው፤ ድንጋዩ የተወውን እኔ አለሰልሳለሁ።” ገለበጧት፤ አለሰለሰችው። የሟች ባላቸው የቆዳ ቀበቶም ከተሰቀለበት ሆኖ፣ “የመጨረሻው የእኔ ነው! እኔ ላይ ግን ወደ ኋላ ይሳቡት እንጂ ወደ ፊት አይግፉት፤ ይቆርጠኛል” አለ። እንዳለው አደረጉ።

ከዚያ ሽንኩርት አነሱ። ቢላዋው ገና ሲነካው ገባ። የተከተፈው ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ወይዘሮ ስንቅነሽ ብቻቸውን ሳቁ። ቢላዋውም፣ “ለካ እንዲህ ነበርኩ!” አለ። የዚያን ቀን ቋንጣው ሲቆረጥ አንዲት ፍርፋሪ አልወደቀችም። አይጢትም፣ “ይህ ቤት ተበላሸ” ብላ ልጆቿን ይዛ ወጣች።

በሰርጉ ዋዜማ ወይዘሮ ስንቅነሽ ማንም ሳይጠራቸው ከዶሮዎቹ ፊት ተቀመጡ። የመጀመሪያዋን ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ሲያወጡ አንድ አጥንት አልተሰበረም። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ።

“እትዬ፣ ይህን ቢላዋ ከየት አገኙት?”

“ያው የድሮው ነው” አሉ ወይዘሮ ስንቅነሽ፤ ሁለተኛዋን ዶሮ እየሳቡ።

ሰርጉ ባለፈ ማግስት ሴቶቹ የደነዘ ቢላዋቸውን ይዘው ወይዘሮ ስንቅነሽ ደጅ ተሰለፉ። እሳቸው ግን የማንንም አልሳሉም። ድንጋዩን ውኃ አጠጡና የመጀመሪያዋን ሴት፣ “ነይ፣ አንቺው ቁጭ በይ” አሏት። እስኪመሽ ድረስ ከዚያ ግቢ ሽ፣ ሽ፣ ሽ ሲል ተሰማ።

እናንተም ልጆች፣ የያዛችሁት ነገር አልሆን ካላችሁ ከመወርወራችሁ በፊት ጠይቁት። ዛሬ ዕቃ አይናገርም፤ ቀስ ያለ እጅ ግን ይሰማዋል።